ለማይገቡት የተሠራ በር፦ የጥንታዊት ግብፅ ቤተ መቅደሶች መንትያ ማማዎች

በላይኛው ግብፅ፣ ከሉክሶር በስተ ደቡብ በምትገኘው በኤድፉ ከተማ፣ የሆሩስ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ቤተ መቅደሱን አያየውም። ከፊቱ የተደቀነው ወደ 36 ሜትር ከፍታና ወደ 79 ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ግንብ ነው። ከፍታው የዐሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃ ያህላል። ግንቡ ከመሠረቱ ሰፍቶ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየጠበበ የሚሄድ ሲሆን፣ በመካከሉ ተሰንጥቆ ሁለት መንትያ ማማዎች ይሆናል፤ በሁለቱ ማማዎች መካከል ደግሞ ከእነርሱ በጣም ዝቅ ያለ አንድ በር አለ። ከዚያ በር ወደ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ማለትም አደባባዩ፣ ባለ ዓምዱ አዳራሽና በመጨረሻ የሚገኘው ጨለማ መቅደስ፣ ከግንቡ ጀርባ ፈጽሞ ተሰውሯል።

ይህን ዐይነቱን መግቢያ የዘመናችን ተመራማሪዎች «ፓይሎን» ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ ደጅ፣ መግቢያ ማለት ነው። የጥንት ግብፃውያን በራሳቸው ቋንቋ «በኸነት» ይሉት ነበር። ስለ ፓይሎን በሚጻፉት ነገሮች ውስጥ ዘወትር ጎልቶ የሚወጣው ግዝፈቱ ነው፤ ግዝፈቱም በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን የበሩን አሠራር፣ በላዩ የተቀረጸውን ሥዕልና በፊቱ የተተከለውን ሁሉ በቅጡ ለመረዳት የሚያስችለው ጥያቄ «ምን ያህል ትልቅ ነው?» የሚለው ሳይሆን «የሚያየው ማን ነበር?» የሚለው ይመስለኛል። ምክንያቱም ይህን በር ዘወትር ይመለከቱት ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ በዕድሜ ዘመናቸው ሁሉ ወደ ውስጥ ዘልቀው አያውቁም።

የግብፅ ቤተ መቅደስ ምእመናን ተሰብስበው የሚጸልዩበት ስፍራ አልነበረም። የአምላኩ መኖሪያ ቤት ነበር፤ አምላኩም በምስሉ አማካይነት ከሁሉም በኋላ በሚገኘው ትንሽና ጨለማ ክፍል ውስጥ ያድር ነበር። ራሳቸውን ተላጭተውና ታጥበው የነጹ ካህናት በየዕለቱ ምስሉን ያለብሱታል፣ ያጥኑታል፣ ምግብ ያቀርቡለታል። ከውጭ ወደ ውስጥ በተሄደ ቁጥር ወለሉ ቀስ በቀስ ከፍ፣ ጣራው ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑም እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ ይጠፋል። ተራው ሕዝብ በበዓላት ቀን እስከ መጀመሪያው አደባባይ ድረስ ሊፈቀድለት ይችል ነበር፤ በቀረው ጊዜ ግን ድንበሩ ፓይሎኑ ነበር።

ስለዚህ ሕዝቡ ደጅ ይጠና ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህን ነገር ከእኛ «ደጅ ጥናት» የተሻለ የሚገልጸው ቃል አላገኘሁም። አቤቱታ ያለበት፣ ልጁ የታመመበት፣ መሐላ መማል የፈለገ ሰው በበሩ ፊትና በቅጥሩ ውጭ ቆሞ ይለምን ነበር። በሉክሶር አጠገብ ባለው በካርናክ፣ አሙን ከተባለው አምላክ ታላቅ ቤተ መቅደስ በስተ ምሥራቅ፣ ንጉሥ ዳግማዊ ራምሴስ «ልመናን ለሚሰማው አሙን» ያሠራው ቤተ መቅደስ የቆመው ወደ ውስጥ መግባት ለማይችሉት ሰዎች ነው። በልዩ ልዩ ስፍራዎችም ምእመናን የጆሮ ቅርጽ የተቀረጸባቸውን ትንንሽ የድንጋይ ጽላቶች ስለት አድርገው ያቀርቡ ነበር፤ አንዳንዶቹ ላይ አንድ ጥንድ፣ ሌሎቹ ላይ ብዙ ጆሮዎች ተደርድረዋል። አምላኩ ከግንቡ ወዲያ ሆኖ እንዲሰማቸው ነበር ይህ ሁሉ።

በኤድፉ ደግሞ አምላኩ ራሱ ወደ በሩ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ሆሩስ በጭልፊት የሚመሰል አምላክ በመሆኑ፣ በየዓመቱ አንድ ሕያው ጭልፊት ተመርጦ የአምላኩ ምሳሌ ሆኖ ይነግሥ ነበር። የተመረጠው ጭልፊት በሁለቱ ማማዎች መካከል፣ ልክ ከበሩ በላይ ባለው ሰገነት ላይ ቀርቦ ከታች ለተሰበሰበው ሕዝብ ይታይ ነበር። የማማዎቹ ውስጥ ደረጃዎችና ትንንሽ ክፍሎች ስላሉት ካህናቱ ወደ ሰገነቱ የሚወጡት በእነርሱ በኩል ነው። ከሩቅ ሲታይ ድፍን የሚመስለው ግንብ በውስጡ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ የሚያስተናግድ ሕንፃ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የፓይሎኑን ቅርጽ ለመረዳት ከሂሮግሊፍ፣ ማለትም ከጥንታዊው የግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት፣ ፊደላት አንዱን መመልከት ይበቃል። ግብፃውያን «አድማስ» የሚለውን ቃል ሲጽፉ የሚሥሉት ሁለት ኮረብቶችንና በኮረብቶቹ መካከል ብቅ ያለችን ፀሐይ ነበር። የፓይሎኑ ሁለት ማማዎች እነዚያ ኮረብቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ዝቅተኛ በር ደግሞ ፀሐይ የምትወጣበት ስፍራ ነው። በበሩ ጉበን ላይም ክንፍ ያላት የፀሐይ ክበብ ትቀረጽ ነበር። እንግዲህ አምላኩ በበዓል ቀን በካህናት ትከሻ ላይ በታንኳ ቅርጽ በተሠራ ማደሪያው ሆኖ በዚያ በር ሲወጣ፣ ከውጭ ለሚጠብቀው ሕዝብ የሚታየው ከአድማስ የምትወጣ ፀሐይ ነበር። ቤተ መቅደሱ የዓለም ምሳሌ ሆኖ ስለሚታሰብ፣ በሩ የተሠራው ዓለም ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሻገርበትን መስመር እንዲያመለክት ነው።

የግድግዳዎቹ ዘንበል ማለት ግን ከዚህ ምሳሌያዊ ትርጉም በፊት የመጣ ተግባራዊ ምክንያት አለው። ግብፃውያን በድንጋይ ከመገንባታቸው በፊት በጭቃና በሸምበቆ ይገነቡ ነበር፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከታች ወፍሮ ከላይ ካልሳሳ አይጸናም። የፓይሎኑን ማዕዘኖች ከላይ እስከ ታች ይዞ የሚወርደው ድቡልቡል የድንጋይ ዘንግ፣ የጥንቱን የጭቃ ቤት ማዕዘን ለማጠንከር ይታሰር የነበረው የሸምበቆ ነዶ ትውስታ ነው፤ በአንዳንድ ሕንፃዎች ላይ ነዶው የታሰረበት ገመድ ሳይቀር በድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ከአናቱ ወደ ውጭ ተቀልብሶ የሚታየው ክፈፍም እንዲሁ በግድግዳው ጫፍ ላይ ይተከሉ የነበሩ ዘንባባዎች ወይም ሸምበቆዎች በነፋስ ጎንበስ ሲሉ የሚሠሩት ቅርጽ ነው። የድንጋይ ጠራቢዎቹ አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ አባቶቻቸው በሸምበቆ የሠሩትን ቤት በማይበሰብስ ነገር ደግመው ሠሩት። ይህ ታማኝነት እጅግ ያስደንቀኛል፤ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ድንጋይ ሸምበቆን መስሎ ኖሯል።

ያ ጭቃ ከየት እንደመጣ ለእኛ አንባቢዎች መናገር ተገቢ ነው። በየክረምቱ የግብፅን ሸለቆ ያለብስ የነበረው ጥቁር ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በዓባይና በተከዜ ተጠርጎ የወረደ አፈር ነው። የቤተ መቅደሶቹን ዙሪያ የከበቡት የጡብ ቅጥሮች፣ አንዳንድ ሙሉ ፓይሎኖችና የድንጋዮቹ ፓይሎኖች ሲሠሩ ለመወጣጫነት የተከመሩት ጡቦች ሁሉ የተሠሩት ከዚሁ ደለል ነው። እሳት ሳይነካው በፀሐይ ብቻ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነበር።

አሁን ወደ ሉክሶር እንመለስ። ዳግማዊ ራምሴስ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.)፣ በሉክሶር ቤተ መቅደስ ፊት ወደ 24 ሜትር ከፍታና ወደ 65 ሜትር ስፋት ያለው ፓይሎን አስገንብቷል። ይህ በር በተሠራበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር በግምት ማሰብ አያስፈልገንም፤ እዚያው ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ከፓይሎኑ ጀርባ ባለው አደባባይ ግድግዳ ላይ፣ የበሩ ሥዕል ተቀርጿልና። በሥዕሉ ላይ ስድስት የንጉሡ ግዙፍ ሐውልቶች፣ ሁለት ኦቤሊስኮች (ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ፣ ጫፋቸው የሾለ ረጃጅም ዓምዶች) እና ሰንደቅ የተሰቀለባቸው አራት ረጃጅም ምሰሶዎች ይታያሉ፤ ወደ በሩም የንጉሡ ልጆች የሰቡና ያጌጡ በሬዎችን አስከትለው በሰልፍ ይመጣሉ። ዛሬ በፓይሎኑ ፊት ላይ ከላይ እስከ ታች የሚታዩት አራት ጥልቅ ቦዮች ለምን እንደተቆፈሩ የሚነግረን ይህ ሥዕል ነው፤ የሰንደቁ ምሰሶዎች መቆሚያ ነበሩ። ምሰሶዎቹ ከሊባኖስ ከመጣ ዝግባ የሚሠሩ ሲሆን፣ ጫፋቸው ወርቅና ብር በተቀላቀለበት ብረት ይለበጥ ነበር። በሂሮግሊፍ «አምላክ» የሚለው ቃል የሚጻፍበት ምልክት ራሱ በምሰሶ ጫፍ ላይ የተሰቀለ ጨርቅ መሆኑን ስናስብ፣ ሰንደቁ ከሩቅ ለሚያየው መንገደኛ «አምላክ እዚህ አለ» የሚል ግልጽ ጽሑፍ እንደነበር እንረዳለን። ማንበብ የማይችለውም ሰው ቢሆን ይህን አይስተውም ነበር።

ከሁለቱ ኦቤሊስኮች በስፍራው የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ወደ 23 ሜትር ርዝመትና ከ220 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሌላኛው፣ የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ለፈረንሳይ ስለሰጠው፣ ከእ.ኤ.አ. 1836 ጀምሮ በፓሪስ ኮንኮርድ አደባባይ ቆሟል። ኦቤሊስኮች በበር ፊት በጥንድ የሚተከሉት፣ ልክ እንደ ማማዎቹ፣ ግራና ቀኝ ሆነው የፀሐይዋን መንገድ ለማጀብ ነው። ጥንዱ ሲለያይ ሁለቱም ትርጉማቸውን ያጣሉ፤ የሉክሶሩ ዛሬ ጎኑ ባዶ ነው፣ የፓሪሱም የሚያጅበው በር የለውም።

በማማዎቹ ፊት ላይ ከሚቀረጹት ሥዕሎች ሁሉ የማይቀረው አንድ ነው፤ ንጉሡ በአንድ እጁ የጠላቶችን ጠጉር ጨምድዶ ይዞ፣ በሌላው እጁ ዱላ ወይም መጥረቢያ አንሥቶ ሊመታቸው ሲል ይታያል። ይህ ምስል ከ3000 ቅ.ል.ክ. ገደማ በተሠራው የንጉሥ ናርመር የድንጋይ ገበታ ላይ አለ፤ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ በኤድፉ ፓይሎን ላይም አለ። ምስሉ የተከናወነ ጦርነትን ይዘግባል ብሎ ማንበብ ያሳስታል። የኤድፉው ምስል የሚያሳየው 12ኛውን በጥሊሞስ፣ የታዋቂዋን ክሊዮፓትራ አባት ነው። የቤተ መቅደሱ ሥራ በተጠናቀቀበት በ57 ቅ.ል.ክ. ይህ ንጉሥ ከአገሩ ተባርሮ በባዕድ ምድር የሮማውያንን እርዳታ ይለምን ነበር። ምስሉ የሚናገረው ስለ ንጉሥነት ማዕረግ ነው፤ ንጉሥ የተባለ ሁሉ ሥርዓትን ይጠብቃል፣ ሁከትን ከደጅ ይመልሳል። ምስሉም በበሩ ላይ የተቀመጠው ሁከት ሊገባ የሚችለው በበር በኩል ስለሆነ ነው። በዚህ ረገድ ሥዕሉ እንደ ዘብ ያገለግላል።

ሦስተኛው ቱትሞስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. በካርናክ ባሠራው ሰባተኛው ፓይሎን ላይ ደግሞ ከዚሁ ምስል ጋር ረጅም የስም ዝርዝር ይገኛል። እያንዳንዱ ስም የከተማ ቅጥር በሚመስል ሞላላ ክበብ ውስጥ ተጽፎ፣ ከክበቡ በላይ እጁ ወደ ኋላ የታሰረ ሰው ይታያል። ከሰሜን የሶርያና የፍልስጥኤም ከተሞች፣ ከደቡብ የኩሽ ምድርና ብዙ ተመራማሪዎች በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ እንደነበረች የሚያስቧት ፑንት ተጠቅሰዋል። ፑንት በግብፃውያን መዛግብት የምትታወቀው ዕጣን፣ ከርቤና ዝንጀሮ በሚመጣበት ንግድ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ መግባቷ የታወቀውን ዓለም ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ የማስፈር ፍላጎት እንደነበረ ያሳያል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ግድግዳው ከተለመደው ምስል አልፎ አንድ የተወሰነ ቀንን ይተርካል። በሉክሶር ፓይሎን ላይ ዳግማዊ ራምሴስ በ1274 ቅ.ል.ክ. ገደማ በሶርያ ምድር፣ በቃዴስ ከተማ አጠገብ ከኬጢያውያን ንጉሥ ከሙዋታሊ ጋር ያደረገውን ውጊያ አስቀርጿል። በምዕራቡ ማማ ላይ የግብፃውያን ሰፈርና የጦር ምክክሩ፣ በምሥራቁ ማማ ላይ ንጉሡ በሠረገላው ሆኖ ጠላት መካከል ሲገባ ይታያል። ጽሑፉ እንደሚተርከው ንጉሡ በሐሰተኛ ሰላዮች ተታሎ ኬጢያውያን ሩቅ ናቸው ብሎ ሲገሰግስ፣ ጠላት ከከተማይቱ ጀርባ ተደብቆ ቆይቶ ሠራዊቱን ከጎን መታው፤ ንጉሡም ብቻውን ቀርቶ አሙንን ተጣርቶ ራሱን አዳነ። ከተማይቱ ግን አልተያዘችም። ከዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በኋላም ሁለቱ መንግሥታት የሰላም ውል ተዋዋሉ፤ የውሉ ግብፅኛ ቅጂም በካርናክ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። በፓይሎኑ ላይ ያለው ትረካ የንጉሡን መታለል ሳይደብቅ መናገሩ ሊስተዋል ይገባል። ሠራዊቱ ጥሎት ሲሸሽ አምላኩ አልተለየውም የሚለው ታሪክ ለቤተ መቅደስ በር ከተራ ድል ይልቅ ይስማማዋል።

የአቀራረጹም ዘዴ ለውጭ ተመልካች የታሰበ ነው። በውጭ ግድግዳዎች ላይ ሥዕሉ ከድንጋዩ ገጽ ወደ ውስጥ ተቆፍሮ ይሠራል፤ የላይኛው ግብፅ ፀሐይ ብርቱ ስለሆነ በተቆፈረው ጠርዝ ላይ የሚወድቀው ጥላ የሥዕሉን መስመር ከሩቅ አጉልቶ ያሳያል። ብርሃን በሚያንስበት በውስጠኛው ክፍል ግን በአብዛኛው ሥዕሉ ከገጹ ከፍ ብሎ እንዲታይ ዙሪያው ተጠርቦ ይወጣል። ዛሬ የደረቀ አፈር መስለው የምናያቸው እነዚህ ማማዎች ሁሉ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለም የደመቁ ነበሩ።

ስለ ፓይሎኖች ከሚነገረው ሁሉ ልቤን ይበልጥ የሚይዘው ግን ከውጭ የማይታየው ነገር ነው፤ እርሱም በማማዎቹ ሆድ ውስጥ የተገኘው ነው። ይህን ለመረዳት የካርናክን አቆጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። በካርናክ ዐሥር ፓይሎኖች አሉ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው መስመር፣ ከሰባተኛ እስከ ዐሥረኛ ያሉት ደግሞ ወደ ደቡብ በሚዘረጋው መስመር ላይ ይገኛሉ። ቁጥሩን የሰጧቸው የዘመናችን ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ በዋናው መስመር ላይ ቁጥሩ በአብዛኛው ከዕድሜያቸው ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ቤተ መቅደሱ ከመቅደሱ ጀምሮ ወደ ውጭ እያደገ ስለመጣ፣ ጎብኚው መጀመሪያ የሚያገኘው አንደኛው ፓይሎን ከሁሉም ታናሽ ነው። አራተኛውንና አምስተኛውን ያሠራው ቀዳማዊ ቱትሞስ በ1500 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ነበር፤ ሦስተኛው የሣልሳዊ አሜንሆቴፕ፣ ሁለተኛው በሆሬምሄብ የተጀመረ፣ አንደኛው የቀዳማዊ ነክታኔቦ ነው ተብሎ የሚታሰብ፣ ከ380 ቅ.ል.ክ. ወዲህ የተሠራ ነው። ከአንደኛው በር እስከ አምስተኛው በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ መንገድ ነው፤ በዘመን ሲቆጠር ግን ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ መጓዝ ማለት ነው።

እያንዳንዱ ንጉሥ በሩን ሲያሠራ የማማዎቹን ውጫዊ ገጽ በተስተካከለ ድንጋይ ካለበሰ በኋላ ሆዱን የሚሞላው ቀደም ሲል ከፈረሱ ሕንፃዎች በተገኘ ድንጋይ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የካርናክ ሥራ ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ኦንሪ ሽቭሪዬ ሦስተኛውን ፓይሎን ሲጠግን፣ ከውስጡ የቀዳማዊ ሴንዎስረት ትንሽ የበዓል ሕንፃ ተበታትኖ ወጣ። ከነጭ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ሲሆን፣ ፓይሎኑ ከመሠራቱ ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት የተገነባ ነበር። ድንጋዮቹ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከሰው እጅ ተሰውረው ስለኖሩ ቅርጻቸው ዛሬ የተጠረበ ይመስላል። ሕንፃው እንደገና ተገጣጥሞ «ነጩ ቤተ ጸሎት» በሚል ስም በዚያው በካርናክ ክፍት ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። በመሠረቱ ላይ የግብፅ አውራጃዎች ዝርዝርና የምድራቸው ስፋት፣ የዓባይ ሙላት ከፍታ ልክም ጭምር ተቀርጿል፤ ሙላቱ የእኛው ወንዞች ክረምት ነው።

የሁለተኛው፣ የዘጠነኛውና የዐሥረኛው ፓይሎን ሆድ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። አኸናተን የተባለው ንጉሥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የአሙንን አምልኮ ትቶ የፀሐይን ክበብ፣ አተንን ብቻ ማምለክ በጀመረ ጊዜ በካርናክ ምሥራቅ ፈጥኖ አዳዲስ ቤተ መቅደሶችን አሠራ። ሥራው እንዲፋጠን ድንጋዮቹ አንድ ሰው ሊሸከማቸው በሚችል ልክ፣ ወደ 52 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 26 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖራቸው ተደርገው ተጠረቡ፤ እነዚህ ዛሬ «ታላታት» ይባላሉ። እርሱ ከሞተ በኋላ የአሙን አምልኮ ሲመለስ ሆሬምሄብ ቤተ መቅደሶቹን አፈራርሶ ድንጋዮቹን በአዲሶቹ ፓይሎኖች ውስጥ ጨመራቸው። ዓላማው የአኸናተን መታሰቢያ እንዲጠፋ ነበር፤ ሆኖም በሜዳ ቢተዋቸው ኖሮ ተሰባብረው ወይም ለሌላ ግንብ ተወስደው ይጠፉ የነበሩትን ድንጋዮች ግንቡ ከነቀለማቸው ጠበቃቸው። ከዘጠነኛው ፓይሎን ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ድንጋዮች ወጥተዋል። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ፎቶግራፋቸውን በኮምፒዩተር እየመደቡ እንደ ተበታተነ ሥዕል ሲገጣጥሟቸው ቆይተዋል፤ ከ280 በላይ ድንጋዮች የተገጣጠሙበት አንድ ግድግዳም በሉክሶር ሙዚየም ይታያል። በላዩ ላይ የዕለት ተዕለት ሥራ፣ የመጋዘን፣ የእንስሳትና የመሥዋዕት ትዕይንቶች አሉ። የሚያፈርሰው ሰው እጅ የሚያጠፋውን ነገር እንዲህ አድርጎ ሲያስቀምጥ የታየበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

እነዚህ ግንቦች ያለ ክሬን እንዴት ቆሙ ለሚለው ጥያቄ ግልጽ መልስ የሚሰጠው ሳይጠናቀቅ የቀረው የካርናክ አንደኛ ፓይሎን ነው። 113 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ውፍረት ያለው ይህ በር ሥዕል አልተቀረጸበትም፤ የድንጋዮቹም ገጽ በብዙ ስፍራ ሻካራ እንደሆነ ቀርቷል። ከደቡባዊው ማማ ጀርባ፣ በአደባባዩ በኩል፣ የጭቃ ጡብ ክምር ቅሪት እስከ ዛሬ አለ። ግንበኞቹ አንድ ረድፍ ድንጋይ ባነጠፉ ቁጥር ይህን የጡብ ዳገት ከፍ ያደርጉና የሚቀጥለውን ረድፍ በእርሱ ላይ እየጎተቱ ያወጡ ነበር። ግንቡ ጫፍ ሲደርስ ዳገቱን ከላይ ጀምረው እያፈረሱ ሲወርዱ፣ ድንጋይ አለስላሾቹና ቀራጮቹ አብረዋቸው እየወረዱ ግድግዳውን ያስተካክላሉ፤ ስለዚህ የበሩ ሥዕል የሚጀመረው ከአናቱ፣ የሚጠናቀቀው ከእግሩ ነው። በካርናክ ሥራው ስለተቋረጠ ዳገቱን ያነሣው የለም። ፍጹም ሆኖ ካለቀው ከኤድፉ በር ይልቅ ይህ ያላለቀው በር ስለ ግንበኞቹ ብዙ ይነግረናል።

በሩ ጠፍቶ ዘቦቹ ብቻ የቀሩበትም ስፍራ አለ። ከሉክሶር ማዶ፣ በዓባይ ምዕራባዊ ዳር፣ ወደ 18 ሜትር ከፍታ ያላቸው የሣልሳዊ አሜንሆቴፕ ሁለት ግዙፍ ሐውልቶች በእርሻ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። የሚያልፈው መንገደኛ ብቻቸውን የተሠሩ ይመስሉታል፤ ነገር ግን ከጀርባቸው በጭቃ ጡብ የተሠራ ፓይሎን ነበር፤ ከፓይሎኑም ኋላ እጅግ ሰፊ ቤተ መቅደስ ተዘርግቶ ነበር። በ1200 ቅ.ል.ክ. አካባቢ የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤተ መቅደሱን ጣለው፤ የቀረውን ጡብ በየዓመቱ የሚመጣው የወንዙ ሙላት አሟሟው፣ ድንጋዩንም ሌሎች ግንበኞች ወሰዱት።

የፓይሎን ሥርዓት ከግብፅ ድንበር አልፎ ወደ ደቡብ ዘልቋል። በዛሬይቱ ሱዳን፣ በናጋ፣ የኩሽ ነገሥታት ለአንበሳ ራስ አምላካቸው ለአፐደማክ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት ያሠሩት ቤተ መቅደስ ትንሽ ቢሆንም በሩ በግብፅ ሥርዓት የተሠራ ፓይሎን ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለው። በአንደኛው ማማ ላይ ንጉሥ ናታካማኒ ጠላቶችን ሲመታ ይታያል፤ በሁለተኛው ማማ ላይ በዚያው ቁመትና በዚያው አኳኋን ንግሥት አማኒቶሬ ታደርገዋለች፣ አንበሳም ከእግሯ ሥር አለ። በግብፅ መንትያ ማማዎች ላይ አንድ ንጉሥ ሁለት ጊዜ ይቀረጽ ነበር፤ ኩሾች ግን የማማውን መንትያነት በሁለት ገዢዎች ሞሉት። ይህን መንግሥት የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ወግቶታል፤ ወደ ኖባና ወደ ካሱ፣ ማለትም ወደ ኩሽ፣ ያደረገውን ዘመቻ በአክሱም ባቆመው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ተርኮታል።

ከግብፅ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአስዋን አጠገብ ባለችው በፊላ ደሴት የነበረው ኢሲስ የተባለችው አምላክ ቤተ መቅደስ በአረማዊው ሥርዓት አገልግሎት እስከ መጨረሻ ከጸኑት አንዱ ነው። የመጨረሻው የሂሮግሊፍ ጽሑፍ የተቀረጸውም በዚያው፣ በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ስም በሚጠራው በር ላይ፣ በ394 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በሌላ ስፍራም ሳይሆን በበር ላይ መሆኑ ልብ ይሏል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ቤተ መቅደሱን አዘጋው፤ ክርስቲያኖችም ውስጡን ቤተ ክርስቲያን አድርገው በግድግዳዎቹ ላይ መስቀል ቀረጹ። ወደ 18 ሜትር ከፍታ ባለው በአንደኛው ፓይሎን ላይ 12ኛው በጥሊሞስ እንደ ኤድፉው ሁሉ ጠላቶቹን ሲመታ ይታያል፤ በበሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1799 ግብፅን ይገዙ የነበሩትን ማምሉኮች እያሳደደ እስከዚያ የደረሰው የናፖሊዮን ጦር መድረሱን የሚያበሥር የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ተቀርጿል። በእ.ኤ.አ. 1902 የተጠናቀቀው የአስዋን የመጀመሪያ ግድብ ደሴቲቱን በዓመት ለብዙ ወራት በውኃ ያጥለቀልቃት ጀመር፤ ታላቁ ግድብ ሲሠራም ጨርሳ የመጥፋት አደጋ ስለተጋረጠባት፣ ከእ.ኤ.አ. 1972 እስከ 1980 በዩኔስኮ አስተባባሪነት በዙሪያዋ ግንብ ተሠርቶ ውኃው ተቀዳ፣ ቤተ መቅደሱም ወደ 40 ሺህ በሚሆኑ ቁርጥራጮች ተለያይቶ በአቅራቢያው ባለችው በአጊልኪያ ደሴት እንደገና ተተከለ። እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተሰጥቶት ወደ ነበረበት ቦታ ስለተመለሰ፣ ንጉሡ ዱላውን እንዳነሣ፣ ክርስቲያኖቹ የቀረጹት መስቀልም፣ የፈረንሳይ ወታደሮች ጽሑፍም ከበሩ ጋር አብረው ውኃውን ተሻግረዋል።